ሰማያዊ ክር በራዲዮ ሆድ ውስጥ

የመካነ ሰላምን የማዘጋጃ ቤት ራዲዮ የጠገነው ግርማ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል።

ግርማ የአጎቴ ልጅ ነው። ዘንድሮ ጥር ላይ ሴት ልጁን ሲድር ጠርቶኝ ሄጄ ነበር። የመልሱ ዕለት አማቾቹ በልተው ጠጥተው ሲያበቁ፣ ከጓዳ አንድ ትልቅ የእንጨት ራዲዮ ታቅፎ ወጣና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ማዘጋጃ ቤቱ አርጅቷል ብሎ ሲጥለው አባቱ ያነሡት፣ ከአባቱም ለእሱ የተላለፈ ራዲዮ ነው። ድምፁ ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው። እሱ ግን በጨርቅ እየወለወለ እንደ ንዋየ ቅድሳት ያስቀምጠዋል።

«ይሄን የምታዩትን ራዲዮ፣» አለ ለአማቾቹ፣ «መሬት ላራሹ የታወጀ ዕለት፣ ገና እንዲህ ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ እኔ ነኝ ያስጮህኩት። አገሬው ትከሻው ላይ አድርጎ ከተማውን አዞረኝ።»

አማቾቹ አጨበጨቡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ትከሻ ላይ መዞሩ እውነት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ያስጮህኩት እኔ ነኝ ያለው ግን ውሸት ነው። ይህንኑ ውሸት በሠርግም፣ በለቅሶም፣ በክርስትናም ስሰማው ኖሬያለሁ። ዝም ያልኩት ስለማላውቅ አልነበረም።

ታዲያ ግርማ ሆዱን ላሳያችሁ ብሎ የራዲዮውን ጀርባ ሲከፍት ሽታው መጣ። የቆየ አቧራ፣ የተቃጠለ ሙጫና የቀለጠ እርሳስ። እንደዚያ የሚሸት አንድ ቤት ብቻ ነው የማውቀው። ከዚያ በኋላ ግርማ ያወራውን አልሰማሁም።

ወላጆቼ ከከላላ በታች፣ በቆላው በኩል፣ የሰው መሬት እያረሱ ነበር የሚኖሩት። ዝናቡ ቀረ፤ በሚቀጥለውም ክረምት እንደገና ቀረ። በሬዎቻችን ሲያልቁ አባቴ በቅሎ ለምኖ እኔን መካነ ሰላም ወንድሙ ቤት አደረሰኝ። «ዝናብ እስኪመጣ ነው፣» አላቸው ለአጎቴ። ስነሣ እናቴ አዲስ ማተብ ገምዳ አሰረችልኝ። ሰማያዊ ነበር። ጅራቱን ከመጠን በላይ ስላስረዘመችው ከጀርባዬ እስከ ወገቤ ይደርስ ነበር። «ስታድጊ እንዳያጥርሽ ብዬ ነው፣» አለችኝ። ዝናብ እስኪመጣ ብቻ ለሚሄድ ልጅ ይህን ያህል ክር ለምን እንዳስፈለገ ያኔ አልገባኝም።

አጎቴ ጋሼ ይመር ይባላሉ። ትሑት ሰው አልነበሩም። በጦር ሠራዊት ውስጥ በመገናኛ ክፍል አገልግለው፣ አንድ ሣጥን መሣሪያና ማለቂያ የሌለው ወሬ ይዘው ነው የተመለሱት። ገበያው አጠገብ ባለች አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ፣ ግማሹን ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ ከነመኪናቸው፣ ግማሹን እሳቸው ከነራዲዮዎቻቸው ይዘውት ነበር።

«ከደሴ እስከ ዓባይ እንደኔ ያለ የራዲዮ ሐኪም የለም!» ይላሉ ጋሼ ይመር፣ ጉልበታቸውን እየመቱ።

«ከደሴ እስከ ዓባይ ራዲዮ ያለውስ ስንት ሰው ነው?» ይላሉ ጋሽ ሰይድ፣ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ።

«ያለው ሁሉ ወደኔ ነው የሚመጣው!»

«ወላሂ እሱስ እውነት ነው። ሌላ የት ይሂድ?»

በዚያ ዓመት ራዲዮ የሚያስጠግነው ሰው ሊሰማበት አልነበረም። አስጠግኖ ሊሸጠውና እህል ሊሸምትበት ነበር። ባለራዲዮው በሩ ላይ ቆሞ፣ ለአፍታ ሲናገርለት ያዳምጥና ወዲያው ያጠፋዋል። የባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅበት ነው። አንዳንዱ ሲወጣ ራዲዮውን በጋቢው ሸፍኖ፣ የታመመ ልጅ እንደሚሸከም አድርጎ ነበር የሚሄደው።

የጋሼ ይመር ባለቤት እትዬ አስካለ ይባላሉ። ክፉ ሴት ነበሩ አልልም። በዚያ ዓመት ደግ ለመሆን የሚበቃ እህል አልነበራቸውም፤ ያ ብቻ ነው። ግን ስበላ አፌን ያዩት ነበር፤ ያንን አልረሳሁም። ደሴ ያለች ዘመዳቸው የቤት ሠራተኛ ትፈልግ ስለነበር፣ ገና በገባሁ በሳምንቴ፣ «ከፋሲካ በኋላ ደሴ ትሄዳለች፣» ብለው ቆረጡ። እኔ ደግሞ ልቤ ትምህርት ቤቱ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ግርማ ደብተሩን ራሱ ላይ አድርጎ እየሮጠ ሲሄድ፣ ከአጥሩ ቀዳዳ እስኪጠፋ ድረስ አየዋለሁ። ከዚያ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲያነቡ ይሰማኛል። ምን እንደሚሉ ባላውቅም እኔም አብሬ እላለሁ።

ጋሼ ይመር ይህን ሰምተው ነው መሰለኝ አንድ ቀን ሱቅ ይዘውኝ ሄዱ። ከጠረጴዛው ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል፣ ከሁለት ጫፏ የሽቦ እግር የወጣላት ትንሽ ነገር አነሡ።

«ይህች ዳዮድ ትባላለች። የበረት በር ናት። ከብቱን በአንድ በኩል ታሳልፈዋለች፣ በመጣበት እንዳይመለስ ትከለክለዋለች። እንግዲህ ጥሩዋን ከተበላሸችው መለየት ከተማርሽ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት አስመዘግብሻለሁ።»

«እትዬ አስካለስ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው እንዳይሰማ። አስካለን ለኔ ተያት።»

ሥራው ደስ የሚል ነበር። እስከ ዛሬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም። የባትሪ ድንጋይ፣ አንዲት ትንሽ አምፖልና ሁለት ቁራጭ ሽቦ አለኝ። ከሞቱ ራዲዮዎች የተነቀሉ ዳዮዶች ደግሞ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ሞልተዋል። አንዷን አነሣና በሽቦዎቹ መካከል አስገባታለሁ፤ ከዚያ አገላብጬ እንደገና አስገባታለሁ። በአንድ በኩል አብርታ፣ ስትገለበጥ ካጠፋች ደኅና ናት። በሁለቱም በኩል ካላበራች በሩ ተከርችሞ ቀርቷል፤ ትጣላለች። በሁለቱም በኩል ካበራች በሩ ተሰብሯል፤ ከብቱ እንደፈለገ ይወጣል ይገባል፤ እሷም ትጣላለች። አምፖሏ ብልጭ ባለች ቁጥር እኔም ሳቅ እላለሁ። «ይችን ልጅ ማን ነው የሚኮረኩራት?» ይላሉ ጋሽ ሰይድ።

በእያንዳንዷ ዳዮድ አካል ላይ፣ በአንድ ጫፏ በኩል፣ የፀጉር ያህል ቀጭን የቀለም ቀለበት አለ። መግቢያና መውጫዋ የሚለየው በእሱ ነው። ገልብጦ የበየዳት ራዲዮውን ያቃጥላል። ጋሼ ይመር በየጊዜው አንዷን በፒንሳ ይዘው፣ «እስቲ ፈተና! ቀለበቱ በየት በኩል ነው?» ይሉኛል። እኔም የትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና መስሎኝ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ «በግራ!» እላለሁ። «ጎበዝ!» ብለው ይበይዳሉ። ስንቱን ፈተና አለፍኩ! አንድ ቀን ታዲያ ከጠረጴዛው ላይ የገብስ ገለባ አነሡ። በፒንሳቸው ይዘው ብርሃኑ ላይ እያዞሩ፣ «የዚህችስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገለባ ነው።»

የጋሽ ሰይድ መኪና ቆመች። ጋሼ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ትክክል! ይሄኛው ከባዱ ፈተና ነበር። አለፍሽ!» አሉ ጮክ ብለው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉና፣ «ቀስ በይ፣ የኔ ልጅ። ሰው እንዳይሰማ።»

ያኔ ገባኝ። የሩቁን ያያሉ፤ ማዶ ተራራው ላይ ያለችውን በቅሎ ቀለሟን ሳይቀር ይነግሩናል። አፍንጫቸው ሥር ያለውን ግን አያዩም። መነጽር አድርገው ቢታዩ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ራዲዮ የሚሰጣቸው የለም። ስለዚህ እኔ ዓይናቸው ሆንኩ። ምስጢር መያዝን የተማርኩት ከዚያ ሱቅ ነው፤ ዛሬ ድረስ ሰዎች ዝምተኛ ናት፣ ቂመኛ ናት የሚሉኝ በዚሁ ነው።

ችግሩ ባለራዲዮው በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። በሰው ፊት እሳቸው ሊጠይቁኝ አይችሉም፤ እኔም ልነግራቸው አልችልም። አንድ ቀን ዘዴ መጣልኝ። የማተቤን ጅራት ጫፍ በጥርሴ በጠስኩና ከአንዷ ዳዮድ ላይ፣ ቀለበቱ ባለበት በኩል፣ ጥምጥም አድርጌ ቋጠርኩላት። ጋሼ ይመር በጣታቸው ዳሰሷት። ፊታቸው ፈካ። ያን ዕለት ባለራዲዮው እያየ፣ ጭራሽ ዓይናቸውን ጨፍነው በየዱና፣ «እኔ ዓይን አያስፈልገኝም!» ብለው ፎከሩ። ከዚያ ወዲያ ደኅናዎቹን ሁሉ በክር እያሰርኩ ለብቻቸው በሌላ ቆርቆሮ ማስቀመጥ፣ ማታም ቆርቆሮዋን ቤት ይዤ መግባት ሥራዬ ሆነ። የማተቤም ጅራት ከወገቤ ወደ ትከሻዬ እየወጣ መጣ።

በዚያው ሰሞን ያደረግሁትን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም። በዳዮዷ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ ይመስለኝ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ ሲናገር ድምፁ በበሯ ገብቶ እኛ ዘንድ ይደርሳል፤ የእኛ ግን እንዳይመለስ በሯ ትይዘዋለች። ይህ ከሆነ በሁለቱም በኩል የምታበራዋ፣ በሯ የተሰበረችዋ፣ የእኛንም ወደዚያ ታደርሳለች ማለት ነው። ንጉሡ ወርደው አዲስ መንግሥት መጥቷል ይባል ነበር። አዲስ ከሆነ ደግሞ አገሩን ገና አያውቀውም ብዬ አሰብኩ። አንዲት የተሰበረች መረጥኩና ከጋሽ ሰይድ የጨርቅ ክምር ጀርባ ተቀምጬ ወደ አፌ አስጠጋኋት።

«ጤና ይስጥልኝ፣» አልኳት። «የሺ ነኝ፣ ከከላላ በታች ካለው ቆላ። አባቴ የሰው መሬት ነው የሚያርሰው። ባለመሬቱ ዝናብም ሳይዘንብ ሲሶውን አምጣ ይላል። መሬቱን ለአባቴ ብትሰጡት ጥሩ ነው። ዝናቡንም እንዳትረሱ።»

ስለ ትምህርት ቤቱ አላነሣሁም። እሱ የጋሼ ይመር ጉዳይ ነው። መልስ ስጠብቅ ሰነበትኩ።

ከመልሱ በፊት እትዬ አስካለ መጡ። አንድ ቅዳሜ ሹሩባ ሊሠሩኝ ጭናቸው ላይ ሲያስተኙኝ እጃቸው አንገቴ ላይ ቆመ።

«ማተብሽን ምን በላው?»

«አይጥ።»

«አይጧ ሰይድ ሱቅ ውስጥ ናት? እዚያ እየዋልሽ ቀስ በቀስ ልትሰልሚ ነው አይደል? ዛሬ ጅራቱ፣ ነገ አንገቱ!»

መስለም ብቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ ጨው ሲፈልጉ ግድግዳው ውስጥ ካለችው መስኮት ቆርቆሮዋን አገኟት። ከፈቷት። እነዚያ ሁሉ ጥቃቅን ባለሁለት እግር ነገሮች አንድ ላይ ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው በማተብ ክር አንገታቸው ታስሮ! እትዬ አስካለ ቆርቆሮዋን እንደ እባብ ጣሏት።

«መተት!» አሉ። «በገዛ ማተቧ! ለካ ባሌ ልጁን ትቶ እሷን ይዞ የሚዞረው፣ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚለው አለነገር አይደለም!»

ምን ልበል? እውነቱን ብናገር የጋሼ ይመር የዓይን ምስጢር ሊወጣ ነው። ዝም አልኩ። ዝምታዬ ደግሞ ጠንቋይ አስመሰለኝ። እትዬ አስካለ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው፣ በስመ አብ እያሉ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ ፈቷቸውና ቆርቆሮዋን ወደ ቦታዋ መለሷት። ክሩ ሲፈታ መተቱም ይፈታል አሉ። ለባላቸው ግን አልነገሯቸውም፤ የተደረገበት ሰው ጠበል ሳይጠጣ ከሰማ ይብስበታል ተብሎ ነው። እኔም ሱቅ እንዳልሄድ ተከለከልኩ፤ ቀንም ተቆረጠልኝ። ፋሲካን መጠበቁ ቀርቶ፣ ደሴ የምሄደው በሚመጣው መኪና ሆነ።

የቅጣቴ ሦስተኛ ቀን ላይ ይመስለኛል፣ የማዘጋጃ ቤቱ ተላላኪ እያለከለከ መጣ። ትልቅ ነገር በራዲዮ ይነገራል ተብሎ ገበሬው ከየአቅጣጫው ከተማ ገብቷል። ካኪ የለበሱት የዘመቻ ተማሪዎች ድምፅ ማጉያውን ጣሪያ ላይ ሰቅለዋል። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ሲነሣ ግን ከራዲዮው ጢስ ወጣ። ለካ ፊውዙ፣ ኃይል ሲበዛ ቀድሞ የሚቃጠለው ሽቦ፣ ከዚህ በፊት ሲቃጠል ጊዜ፣ ዘበኛው ይጠቅማል ብሎ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎት ኖሯል።

ጋሼ ይመር ቆርቆሮዋን ከመስኮቱ አነሡ። ደስታቸው ወሰን የለውም። እንደሚዳር ሰው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ግርማ፣ ና! አባትህ ዛሬ ምን እንደሚሠራ እይ!»

«ጋሼ፣ ክሩ—» ብዬ ተነሣሁ። እትዬ አስካለ አፌን በመዳፋቸው ያዙኝ። ጋሼ ይመርም ሄዱ።

እዚያ የሆነውን ጋሽ ሰይድ በኋላ አሳይተው ነገሩን፤ የሁሉንም ድምፅ ያወጡ ነበር። ጋሼ ይመር በሕዝቡ ፊት ቆርቆሮዋን ከፍተው እጃቸውን ከተቱ። ዳሰሱ። እንደገና ዳሰሱ። ክር የለም። «ግርማ፣ ቀለበቱ በየት ነው?» አሉ በሹክሹክታ። ግርማ ሕዝቡን እያየ፣ የተማሪዎቹን ካኪ እያየ፣ «በዚህ በኩል!» አለ። ግርማ ከልጅነቱ ጀምሮ የማያውቀው ነገር የለም። ሞተሩ ተነሣ፤ ራዲዮው ጧ አለ፤ የጋሼ ይመር ጢም በአንድ በኩል ተለበለበ።

ጋሼ ይመር ግቢ ሲገቡ ጢማቸው የተቃጠለ በግ ይሸት ነበር።

«አስካለ፣ ክሮቹን ማን ፈታቸው?»

«እኔ ነኛ! እኔ ፈታሁልህ! ተመስገን በል፣ አስራህ ነበር!»

«አንቺ ሴት፣ ዓይኔን ነው ያወጣሽው።»

ከዚያ በሩ ላይ ቁጭ አሉ። በዚያች ቤት ውስጥ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። «አላይም፣ አስካለ። እፊቴ ያለውን ካላየሁ ቆየሁ። የምታይልኝ እሷ ናት። ክሩን ያሰረችው እንድዳስሰው ነው።»

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው ቀሚሳቸውን አዩ።

«እና… ቀሚስሽ አምሮብሻል፣ መልክሽ አልተለወጠም ስትለኝ የነበረው?»

«የሩቁን አያለሁ።»

«እንዴ! ከሩቅ ነዋ የማምረው!»

ጋሼ ይመር ሳቁ። እትዬ አስካለ ላለመሳቅ ፊታቸውን አዞሩ፤ ግን ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያየሁ ይመስለኛል።

«ይችን ልጅ ደሴ የምትሰጃት ከሆነ ሱቁንም ጨምረሽ ስጪ፣» አሉ ጋሼ ይመር። «መስከረም ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዓይኔ ትሆናለች። ይኸው ነው።»

እትዬ አስካለ ነጠላዬን አንሥተው ወረወሩልኝና፣ «ታዲያ ምን ይገትርሻል? ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል!» አሉኝ።

ሮጥን። የማዘጋጃ ቤቱ ደጅ በሰው ጢም ብሏል፤ ጋቢ፣ ዱላ፣ የበቅሎ ጠረን። ጋሼ ይመር ገና ከሩቅ ይጮሁ ጀመር፦ «ወደ ኋላ! ሁሉም ወደ ኋላ! ኤሌክትሪክ ነው፣ ሰው ይፈጃል!» ክፍሉን ባዶ አስደረጉት። የድምፅ ማጉያው እንጨት ስለላላ ግርማን ጣሪያ ላይ አውጥተው አንተ ያዘው አሉት። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ግርማ ጣሪያ ላይ ነው፤ አገር ያየዋል። እኔ ጠረጴዛ ሥር ነኝ፤ ራዲዮውም እኔ ዘንድ ነው።

ከሞተሩ የሚመጣውን ኃይል የሚቀበሉት ዳዮዶች አራት ነበሩ። ግርማ ያስገለበጣት ጠቁራለች። ሌሎቹን ከአንድ በኩል እያስለቀቅኩ በአምፖሌ ፈተንኳቸው። አንዷ ወዲያም ወዲህም አበራች። የቀሩትንም አላመንኳቸውም፤ አራቱንም ጋሼ ይመር ነቀሏቸው። ከቆርቆሮዋ አዳዲስ መረጥኩ፤ እያንዳንዷን ግራና ቀኝ ፈተንኳት፤ ቀለበቷን በብርሃን አየሁ። አሁን ክር ያስፈልጋል። የማተቤ ጅራት አልቋል። የቀረው አንገቴ ላይ የታሰረው ብቻ ነው።

ከተወለድኩ ጀምሮ አንገቴ ባዶ ሆኖ አያውቅም። እናቴ ፊቴ መጣች። ግን ወደ ውጭ ሳይ ከጠረጴዛው ሥር የሚታየኝ የገበሬው እግር ብቻ ነበር፤ የተሰነጠቀ፣ አቧራ የለበሰ፣ ልክ እንደ አባቴ። ፈታሁትና በጥርሴ ቆራረጥኩት፤ አራቱንም አሰርኩ። ጋሼ ይመር እየዳሰሱ፣ «እዚህ ነው… እሺ… እዚህ ነው…» እያሉ በየዷቸው። ሙጫው ጨሰ። የሲጋራውን ወረቀት ጥለን ለፊውዙ አንዲት ቀጭን ሽቦ አደረግንለት።

ሞተሩ ተነሣ። ራዲዮው መጀመሪያ እንደ ንብ አጉረመረመ። ቀጥሎ ዝም አለ። ከዚያ የአዲስ አበባው ሰውዬ ድምፅ ከጣሪያው ላይ፣ ከግርማ ራስ በላይ፣ በከተማው ላይ ወረደ። ረጅም ነገር አነበበ። ብዙው አልገባኝም። መሬቱ የአራሹ መሆኑን፣ ጭሰኝነት መቅረቱን ሲል ግን ገባኝ።

ለአፍታ እግሮቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከጠረጴዛው ሥር ራሴን አስግጌ በበሩ ወደ ደጅ አየሁ። አንድ ሽማግሌ ወደ ድምፅ ማጉያው ዱላቸውን ቀስረው፣ «እስቲ ድገመው!» አሉት፣ ቃሉን የሰጠው ግርማ ይመስል። ሴቶቹ እልል አሉ። ዱላና ጋቢ ሰማይ ወጣ። አንዱ የሌላውን አንገት አቅፎ ያለቅሳል፤ ሌላው ሲያለቅስ ያየውን ይስቅበታል። ማነው ያስተካከለው ሲባል ሁሉም ቀና ብሎ ግርማን አየ። አወረዱትና ትከሻቸው ላይ አወጡት። ጋሼ ይመር በር ላይ ቆመው፣ «የኔ ልጅ ነው! የይመር ልጅ ነው!» ይሉ ነበር። የኔን ስም ቢጠሩ ስለ ዓይናቸው ሊጠየቁ ነው። ይገባኛል። ያኔም ገብቶኛል። ግን አመመኝ።

ደግነቱ ለመታመም ጊዜ አልነበረኝም። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ጠረጴዛ ሥር እየሳቅኩ ነበር። ሰምተውኛል! የነገርኳቸውን ሁሉ፣ ያውም ለአባቴ ብቻ ሳይሆን ለሰው ሁሉ አደረጉት። ስለ ዝናቡ ምንም አለማለታቸው ብቻ ትንሽ ቅር አሰኘኝ።

«አንቺ ልጅ፣» አሉኝ ጋሽ ሰይድ፣ ነገሩ ሲበርድ ሱቅ ውስጥ ባዶ አንገቴን አይተው። እትዬ አስካለ ሁሉንም ነግረዋቸዋል። «እኔ አንድ ቤት ሙሉ ክር ይዤ አጠገብሽ ተቀምጬ፣ አንቺ አንገትሽን ትበጥሻለሽ? አንድ ክር ብትለምኚኝ ምን ነበር?»

«ለምን እንደሆነ ይጠይቁኝ ነበራ።»

ጋሽ ሰይድ አስበው አስበው፣ «ወላሂ እጠይቅ ነበር፣» አሉ። ከዚያ አንድ ድውር ሙሉ ቀይ ክር ሰጡኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁም።

ዝናቡ በዚያው ክረምት መጣ። እነሱ ልከውት ይሁን አይሁን አላውቅም። አባቴ ሊወስደኝ በቅሎ ይዞ ሲመጣ፣ ፊቱ ወዝ አግኝቶ፣ የሚያርሰው መሬት የራሱ ሆኖ ነበር። «አየሽ፣ እኛን የሚያህል ድሃ እዚህ መኖሩን ማን ነገራቸው?» እያለ ይስቅ ነበር። ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ጋሼ ይመር ስለ ትምህርት ቤቱ ሲያወሩት ብዙ አሰበና ባዶ በቅሎውን እየሳበ ተመለሰ።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት ቤት የምገባ ዕለት፣ እትዬ አስካለ በር ላይ አቆሙኝ። የራሳቸውን ነጠላ ጥለት መዘው የገመዱትን ማተብ አንገቴ ላይ አሰሩ። ጠበቅ አድርገው ነው ያሰሩት፤ ጅራትም አልተዉለትም። «ይሄን ደግሞ ለራዲዮ አብዪውና እኔና አንቺ እንተያያለን፣» አሉኝ። አፌን ሲያዩት የነበረውን ይቅር አላልኳቸውም። ቋጠሮው ግን ጥሩ ቋጠሮ ነበር።

እነሆ እንግዲህ ግርማ የራዲዮውን ሆድ ከፍቶ ለአማቾቹ ያሳያል። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ሄድኩ። አቧራው ውስጥ፣ አራት ዳዮዶች ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው በአንድ በኩል በደበዘዘ ሰማያዊ ክር ታስረዋል። አንደኛው ክር በብየዳው ሙቀት ጫፉ ጠቁሯል።

«ይሄ የምን ክር ነው?» አለች ሙሽራይቱ።

ግርማ ክዳኑን መልሶ ገጠመና ካቻቢቴውን አነሣ። ብሎኗን ከቀዳዳዋ ጋር ሊያገናኛት ሞከረ፤ አመለጠችው። ራቅ አድርጎ አየ፣ ቀረብ አድርጎ አየ፤ እንደገና አመለጠችው። አማቾቹ ይጠብቃሉ። ከዚያ ካቻቢቴውን ወደኔ ዘረጋና፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ በሹክሹክታ፦

«የሺ፣ አንቺ እሰሪልኝ። የኔም ዓይን እንደ አባባ ሆኗል። ያን ቀንም እኮ ያየሽለት አንቺ ነሽ።»

ያውቅ ነበር። ስንት ሠርግ፣ ስንት ለቅሶ፣ እያወቀ!

ካቻቢቴውን ተቀበልኩት። ብሎኗን ግን አላሰርኳትም።

«ጮክ ብለህ በለው፣ ግርማ፣» አልኩት። «ሰው ይስማ።»